የልዑል አለማየሁ ልብስና የአባቴ ኮት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ዳታ ያጠራችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ አንብቡት። ከፎቶ ጋር የተያያዘ ነው። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ የፎቶ ባለሙያ እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። ያለችኝም ዲፕሎማ ናት። ግን አንድ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ተጠየቅኩና መመለስ ስላቃተኝ ለወራት ሳነብ ከረምኩ። በመሐሉ ደግሞ የቤቴ ጉዳይ ገባበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፄ ቴዎድሮስን እያስተማርኩ፣ የልጃቸውን የልዑል አለማየሁን ፎቶ በወረቀት አሳትሜ ይዤ ገባሁ። ፎቶውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያ ትንሽ ልጅ፣ ያ የከበደ ዓይን። ወረቀቱ ከዴስክ ዴስክ ሲዞር አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ ምነው እንዲህ አኮረፈ?" አለ። ሌላው "ፊቱ ለምን እንዲህ ጠቆረ? አባቱ እንዲህ ነበሩ እንዴ?" አለ። ከኋላ የምትቀመጥ፣ በዓመት ሁለቴ እንኳ እጇን የማታወጣ ልጅ ደግሞ "ልብሱን ያለበሰው ማነው?" ብላ ጠየቀች።

ለመጀመሪያው "አባቱንም እናቱንም ያጣ ልጅ እንዴት ይስቃል" አልኩ። ሁለተኛውን በቀልድ አለፍኩት። ለሦስተኛው መልስ አልነበረኝም። ደወል አዳነኝ።

እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። አለማየሁ ያኔ ገና ሰባት ዓመት ገደማው ነው። የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ከነልጃቸው ይዞ ወረደ። እቴጌይቱ ግን መንገድ ላይ፣ ትግራይ ሲደርሱ፣ በግንቦት ወር አረፉና ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ሞት አየ ማለት ነው። ከዚያ ባሕር ተሻገረ። አብሮት የነበረው ሻምበል ስፒዲ ነው። ይሄ ሰው ከዚያ ቀደም ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር፣ እኛው ሰዎች ባሻ ፈለቀ ያልነው፣ ቁመቱ በሩን የሚሞላ፣ ጺሙ ቀይ የሆነ እንግሊዛዊ ነው። ክረምቱ ሳያልቅ፣ በሐምሌ (እ.ኤ.አ. ጁላይ 1868)፣ ልጁ ዋይት በምትባል ደሴት ላይ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ኦዝቦርን የሚባል ቤት የነበራቸው እዚያው ደሴት ላይ ነው፤ እዚያ ቀረበላቸው።

እዚያችው ደሴት ላይ፣ ፍሬሽዋተር በሚባል መንደር፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ካልካታ የተወለደች ናት። ካሜራ በእጇ የገባው 48 ዓመት ሲሆናት፣ እ.ኤ.አ. በ1863 መጨረሻ፣ ልጇ በስጦታ ስትሰጣት ነው። (በስተርጅና ነገር ለመጀመር ለምትፈሩ ወዳጆቼ ይቺ ሴትዮ ትበቃችኋለች።) ስቱዲዮዋ ደግሞ ምን ነበር መሰላችሁ? የዶሮ ቤት! ዶሮዎቹን አስወጥታ፣ ቤቱን በመስታወት አድርጋ፣ የከሰል ማስቀመጫዋን ጨለማ ክፍል አድርጋ ሠራች። ዛሬ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች የተሰቀሉት ፎቶዎች ከዚያ የዶሮ ቤት የወጡ ናቸው። አለማየሁም እዚያ ነው የተነሳው።

እንግዲህ ብርሃኑን እንይ። ያኔ ስቱዲዮ ማለት መስታወት ቤት ነው፤ አምፖል የለም። ብርሃን የሚመጣው ከሰማይ ነው። ከየአቅጣጫው ከገባ ፊት እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጎድጓዳውም ጉብታውም ይጠፋል። ስለዚህ ካሜሮን መጋረጃ እየሳበች አብዛኛውን ትዘጋና ከአንድ ወገን ብቻ ታስገባለች። ገጠር ያደጋችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። ጨለማ ጎጆ ውስጥ ሰው በሩ አጠገብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግማሽ ፊቱ ይበራል፤ ግማሹ ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ ጉንጩና ግንባሩ እንደተቀረጸ ይታያል። አያቶቻችን በር ላይ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ ያን ብርሃን ስንት ጊዜ አይተነዋል! ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት የተመሰገነበት ብርሃን ይሄው ነው። ካሜሮንም እሱን ነበር የምትከተለው።

አሁን ወደ "ፊቱ ለምን ጠቆረ" ልመለስ። በቀልድ ያለፍኩት ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ፊልም የለም። ንጹሕ መስታወት ላይ ኮሎዲየን የሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ ይፈስበታል፤ ከዚያ ብር ናይትሬት ውስጥ ይነከርና ገና እርጥብ እያለ ካሜራ ውስጥ ይገባል። ሳይደርቅም መታጠብ አለበት። ይሄ ኬሚካል አንድ ጠባይ አለው። የሚያየው ሰማያዊን ነው። ቀይን፣ ቡናማን፣ ቢጫን አያይም ማለት ይቻላል። ሰማያዊ ነገር ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ቀይ ነገር ጥቁር ይሆናል። የጠይም ሰው ቆዳ ደግሞ ቀለሙ ሞቅ ያለ፣ ወደ ቀይና ቡናማ የሚያደላ ነው። ስለዚህ ጠይሙ ልጅ መስታወቱ ላይ ከራሱ ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል። የስፒዲም ቀይ ጺም ጠቁሮ ነው የሚወጣው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ጠቃጠቆ ያለበት ፊት ሲነሱ ጠቃጠቆው እንደ ጭቃ ይጎላባቸው ነበር።

እንግዲህ አስቡት። በዚያ ዘመን ለንደን ተቀምጦ ያን ፎቶ የገዛ ሰው "ሐበሻ ይሄን ይመስላል" ብሎ ነው የሚያየው። መስታወቱ ቀይን እንደማያይ ማን ይነግረዋል? በሳምንቱ ክፍል ገብቼ ለዚያ ልጅ ይሄን ስነግረው "ስለዚህ ቲቸር፣ ካሜራው ዋሽቷል ማለት ነው?" አለኝ። ዋሽቷል አልልም። ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

የነጭ ልብስም ጣጣ አለ። ነጠላና ጋቢ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አብዛኛው ተመልሶ ይመጣል፤ ከጠይም ፊት የሚመለሰው ግን ትንሽ ነው። ፎቶ አንሺው ለልብሱ ከለካ ፊት ይጨልማል፤ ለፊት ከለካ ልብሱ ይነድና ጥለቱም እጥፋቱም ይጠፋል። እስከ ዛሬ የሠርግ ፎቶ የሚያነሱ ልጆች የሚቸገሩበት ነገር ነው። ቪዲዮ ላይ ሙሽሪት ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ፊቷ ሲጨልም አይታችሁ የለ? ፊትን የሚያውቅ ፎቶ አንሺ መብራቱን ወደ ፊት ያስጠጋል፤ ልብሱን ትንሽ ከብርሃኑ ያርቃል። የፎቶ ቤት ሰው አገጫችንን ይዞ "ትንሽ ወደዚህ" የሚለን ለነገር አይደለም።

አቀማመጡ ደግሞ ሌላ ነው። ያ እርጥብ መስታወት ብርሃን ለመቅዳት ጊዜ ይፈልጋል። ካሜሮን የምትጠቀምበት መስታወት ትልቅ ነበር፤ 30 በ38 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ ብርሃኑንም ራሷ ስለምትቀንሰው ተነሺዋ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። አንዳንዴ አምስት ደቂቃና ከዚያም በላይ። እናንተ አሁን ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ እንኳ ዓይናችሁን ሳታንቀሳቅሱ ተቀመጡ። ሳቅ ደቂቃ አይቆይም፤ ፊት ይንቀጠቀጣል። በዘመኑ ብዙ ስቱዲዮዎች ከተነሺው ጭንቅላት ጀርባ መደገፊያ ብረት የሚያቆሙትም ለዚሁ ነው። የድሮ ሰው ፎቶ ላይ የማይስቀው ሁሉ ስላዘነ አይደለም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ተማሪ የሰጠሁት መልስ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስህተት ነበር። አለማየሁ አዝኖ ነበር፤ ያንን ታሪኩ ይነግረናል። ግን ፎቶው ላይ ያለው ፊት የሐዘን ማስረጃ ብቻ ሳይሆን "አትነቃነቅ" የተባለ የሰባት ዓመት ልጅ ፊትም ነው። ማን እንዳለው ልንገምት እንችላለን። ካሜሮን አማርኛ አትችልም፤ ስፒዲ ነው የሚችለው።

አሁን ልብሱ ላይ ደረስን። የዚያች ልጅ ጥያቄ።

ካሜሮን ሰው ማልበስ ትወድ ነበር። የቤት ሠራተኛዋን ሜሪ ሂሊየርን ነጠላ መሰል ጨርቅ አከናንባ እመቤታችን ማርያምን ታስመስላት ነበር። ጎረቤቱን ንጉሥ፣ ዘመዱን ባላባት ታደርጋለች። ስለዚህ አለማየሁና ስፒዲ ሲመጡላት ደስ ሳይላት አይቀርም። ያኔ የመቅደላ ዘመቻ የለንደን ጋዜጦች ሁሉ ወሬ ነው። ፎቶዎቿን ለንደን ውስጥ ኮልናጊ የሚባል ሱቅ ይሸጥላት ነበር፤ ገንዘቡም ያስፈልጋት ነበር። በአንደኛው ፎቶ ላይ ስፒዲ ራሱ የሐበሻ ልብስ ለብሶ ከልጁ ጋር ተነስቷል። ርዕሱም "ደጃች አለማየሁና ባሻ ፈለቀ" ይላል፤ የቴዎድሮስ ልጅና ሻምበል ስፒዲ ተብሎም ተጽፏል።

እኔን ያቆመኝ ይሄ ነው። አንድ የእንግሊዝ መኮንን የሐበሻ ልብስ ለብሶ ፎቶ ቢነሳ፣ ጨዋታ ነው። ፎቶው ሲያልቅ አውልቆ ሱሪና ኮቱን ይለብሳል። ሜሪ ሂሊየርም ማርያም ሆና ትነሳና ተመልሳ ወደ ኩሽና ትሄዳለች። አለማየሁ ግን የለበሰው የገዛ አገሩን ልብስ ነው። ቤቱ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እዚያ የዶሮ ቤት ውስጥ ሲለበስ ግን የገዛ ልብሱ የቴአትር ልብስ ሆነበት። ከስፒዲ አጠገብ ሲቀመጥ ሁለቱም ያው ለጨዋታ የለበሱ ይመስላሉ። ይሄ የኔ አስተያየት ነው፤ የምትቃወሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ተከራከሩኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ስፒዲ ይዞት ሕንድ ሄደ። ተመልሶ ቼልትነም፣ ቀጥሎ ረግቢ፣ ቀጥሎ ሳንድኸርስት ወታደር ቤት ገባ። በኋላ የተነሳቸው ፎቶዎች ላይ ኮትና ክራቫት ነው። እሱንም የመረጠለት ሌላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ አረፈ፤ ዊንዘር ተቀበረ። (ካሜሮንም ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው፣ ሲሎን ደሴት ላይ።) ፀጉሩ እ.ኤ.አ. በ2023 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። አጽሙ እስካሁን እዚያው ነው። የአባቱ የቴዎድሮስ ደግሞ በሕይወት ሳሉ የተነሱት የታወቀ ፎቶ የለም። የልጁ ግን በዛ።

ፎቶ እኛ አገር ገብቶ ባለቤት ሲያገኝ ነገሩ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1905 ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባል አርመናዊ ከዲያርባኪር መጥቶ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሥራውን ያዙ፤ ቶኒ የሚባለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ነበር። ምኒልክ ሲነሱ ካባውን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። ፎቶ አንሺው "ትንሽ ቀና ይበሉ ጃንሆይ" ቢል ነው፤ "ይሄን ይልበሱ" አይልም። በማሊ ደግሞ ሴዱ ኬይታ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ላይ ስቱዲዮ ከፈተ። ግቢው ውስጥ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ የአልጋ ልብሱን ከኋላ ሰቅሎ ነበር የሚያነሳው። ኮት፣ ክራቫት፣ የእጅ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ሞተር ሳይክል ጭምር አዘጋጅቶ ነበር፤ ደንበኛው የፈለገውን አንስቶ ይነሳል። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም የደሴን ፎቶ ቤት አስታወሰኝ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ገበሬ ነበር። የወጣትነቱ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለው። በ1971 ዓ.ም. ደሴ ፒያሳ የተነሳው ጥቁርና ነጭ። እናንተም ቤት ይሄ ፎቶ አለ። ከኋላ የተሳለ ግድግዳ፣ አበባና ፏፏቴ፤ በጎን የፕላስቲክ አበባ ያለበት ጠረጴዛ፤ አንድ እጅ ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ እጅ ወገብ ላይ። ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሚስማር አለ፤ ሚስማሩ ላይ ኮት አለ፤ መስታወቱ አጠገብ በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ አለ። ከሰው ሁሉ ትከሻ ላይ የወጣ አንድ ኮት ነው። አባቴ ፎቶው ላይ ኮቱ እጁ ላይ አጥሮታል። አንገቱ ግን እንደ ጄኔራል ነው።

ባለፈው ዓመት አባቴ አረፈ። ለአርባው ትልቅ ፎቶ በፍሬም ይሰቀል ተባለ። ያለን ደህና ፎቶ በኔ ስልክ የተነሳው ነው። በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሶ፣ ከጎን የጠዋት ብርሃን እየመታው። ጂዳ ያለው ታላቅ ወንድሜ ብር ላከና "ጥሩ አድርገው ያሠሩት፣ ሱፍ ይልበስ" አለ። ፎቶ ቤት ወሰድኩት። የሚሠራው ልጅ ጎበዝ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ጋቢውን አወለቀና ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ክራቫት አለበሰው። ፊቱንም አቀላው። መጨማደዱን ጠረገው። ከኋላ ሰማያዊ አደረገ። እኔ ነኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ "አዎ፣ እንደዚያ፣ ክራቫቱን ትንሽ ጠበብ አድርገው" ያልኩት። ይሄን አልደብቅም።

ቤት ይዤው ስገባ እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ይሄ የማን ሰውዬ ነው?" አለች።

"እማዬ፣ አባዬ ነው እኮ።"

"አባትህማ ጋቢውን ለብሶ ነው የሞተው።"

ወንድሜ በስልክ ተቆጣ። "ሰው ሁሉ አባቱን ሱፍ አልብሶ ሰቅሏል፣ የኛ አባት ለምን እንደ ደሀ ይታያል?" አለ። ወንድሜን አልፈርድበትም። ሰው አገር ፀሐይ ላይ ለፍቶ የላከው ብር ነው። አባቱን ማክበሩ ነው። እኔም ላግዘው ብዬ የደሴውን ፎቶ አወጣሁና "እማዬ፣ ይሄውና አባዬ ራሱ በወጣትነቱ ኮት ለብሶ ተነስቶ የለ! ያውም የራሱ ያልሆነ ኮት" አልኳት። መልስ የለሽ ጥያቄ የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ፎቶውን ተቀበለችኝና በነጠላዋ ጠርዝ ጠረገችው። "ያኔ ሁለት ኮት ነበር ሚስማሩ ላይ" አለች። "አንዱ ልኩ ነበር። ሰውዬው እሱን ልበስ ቢለው እምቢ አለ። ይሄኛው ኪስ ላይ እስክሪብቶ አለው ብሎ ይሄን መረጠ። ማንበብ አይችልም፣ ግን እስክሪብቶ አማረው። አብሬው ነበርኩ፤ ስቄበታለሁ።"

ፎቶውን ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፣ እስክሪብቶዋን ግን አላየኋትም ነበር። ኪሱ ላይ አለች፤ ክዳኗ ብቻ ብልጭ ትላለች። ፊደል ሳይቆጥር የእስክሪብቶ ኮት መርጦ የተነሳ ሰው ነው እኔን አስተማሪ ያደረገኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ አለማየሁ ሳነብ የነበረው ሁሉ ቦታ ቦታውን የያዘልኝ። በሳምንቱ ክፍል ገብቼ ለዚያች ልጅ "ልብሱን ያለበሰው ማን እንደሆነ በስም አላውቅም፤ እሱ ራሱ ግን የመረጠው አይመስለኝም" አልኳት። "እሺ ቲቸር" ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች አላየሁም።

አሁን ሳሎናችን ውስጥ የጋቢው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከነመጨማደዱ። የደሴዋ ትንሿ ፎቶ ፍሬሙ ጥግ ላይ ተሰክታለች። የሱፉን ደግሞ እናቴ መጣል አልፈለገችም፤ "ብር ወጥቶበታል፣ ልጄም ነው ያሠራው" ብላ በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ወንድሜ ዋትሳፑ ላይ ፕሮፋይል ያደረገው እሱን ነው። ማንም ምንም አላለውም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ውስጥ በወሎ ፎቶ ቤቶች የተነሱ የድሮ ፎቶዎች ካሉ፣ ከጀርባቸው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሳ፣ ከተቻለም ልብሱ የማን እንደነበር በእርሳስ ጻፉበት። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። የሚያውቁት እናቶችና አባቶች እያሉ ዛሬውኑ ጠይቁ። ፎቶውን ከነታሪኩ በውስጥ መስመር ብትልኩልኝ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ላሳየው አስባለሁ፤ ስም እንዳይጠራ የምትፈልጉ ንገሩኝ።

መልካም ምሽት።